ከመዖን ደክሞ የሚመለሰውን ልጅ ቶሎ እናስተኛው



በየዓመቱ ሴፕቴምበር ገብቶ ወር ሳይሞላ የምንሰማው ስሞታ አለ። የዓመት ከሁለት ወር፣ የዓመት ተኩል ልጅ ያላቸው ወላጆች፣ አንዳንዴም አያት ብቻዋን መጥታ፣ "ልጁ ጠባዩ ተለወጠብን" ይሉናል። ከመዖን ሲመለስ ይነጫነጫል፤ ራቱን ይገፋል፤ እህቱን ይነክሳል፤ ማታ ለመተኛት አንድ ሰዓት ሙሉ ያለቅሳል፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሳል፤ ከዚያ ንጋት 5:00 ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀመጣል። (ሰዓቱን የምንጽፈው በእዚህ አገር አቆጣጠር ነው፤ ከመዖን የሚመጣው ወረቀት እንደዚያ ስለሆነ።) አያት ዓይን ነክቶት ነው ትላለች። አባት ቀብጦ ነው ይላል። መታፔሌቷ ደግሞ "ካሼ ኢቶ" ብላ በዋትሳፕ ትጽፋለች፤ አስቸግሮናል ማለቷ ነው።

እኛ በልጅነታችን ከወላጆቻችን ጋር መጥተን እዚህ ያደግን፣ አሁን በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፣ ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቀን ስንት ጊዜ ይተኛል? መልሱ ብዙውን ጊዜ "ድሮ ሁለቴ ነበር፣ አሁን መዖኑ አንዴ ብቻ ነው የሚያስተኛው" የሚል ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

ሕፃን ልጅ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለቴ ከመተኛት ወደ አንድ እንቅልፍ የሚሸጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው። አንዱ በዓመቱ ይችለዋል፣ ሌላው ዓመት ከአምስት ወር ሳይሞላው አይችለውም። መዖን ግን ልጆችን በክፍል የሚመድበው ዓመቱ ሲጀመር በሴፕቴምበር ባላቸው ዕድሜ ነው። ከቲኖኮት ክፍል ወደ ፔዑቶት ያለፈ ልጅ ከምሳ በኋላ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሰዓት ፍራሹ ላይ ይጋደማል፤ ጠዋት 9:30 ላይ ዓይኑ ቢከደንም ይጠብቃል። በዚህ ላይ ክፍሉ አዲስ ነው፣ መታፔሌቷ አዲስ ናት። ትንሽ ሲለምድ ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑርና ሱኮት ይመጡና መዖኑ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ከዚያ በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለስና 5:30 ይነሳ የነበረው ልጅ 4:30 መነሳት ይጀምራል። መዖኑን ለመውቀስ አይደለም። ያን ሁሉ ልጅ ይዛ የምትውል ሴት እያንዳንዱን በየሰዓቱ ላስተኛ ብትል አትችልም። ግን የደከመው ልጅ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ ቤታችን ነው፤ መፍትሔውም ያለው ቤት ውስጥ፣ ማታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ወላጆች ጋር የማንስማማው። "ይቆይ፣ ይድከም፣ ደክሞት ጥሩ ይተኛል" የሚል ሐሳብ አለ። እርሻ ሲያርስ ለዋለ ትልቅ ሰው ይሆናል። ለትንሽ ልጅ ግን ተቃራኒው ነው። የሚተኛበት ሰዓት ሲያልፍበት ሰውነቱ ራሱን ለማንቃት ይታገላል። እናም 19:30 ላይ ሶፋው ላይ እየዘለለ፣ እየሣቀ፣ እየሮጠ ታዩታላችሁ። "ኧረ ይሄ ልጅ ገና አልደከመውም" እንላለን። ደክሞታል እንጂ! ከዚያ ሣቁ በአንድ ጊዜ ወደ ልቅሶ ይገለበጣል። እንዲህ ሆኖ የተኛ ልጅ ደግሞ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ጠዋትም ቀድሞ ይነሳል። አምሽቶ የተኛ አርፍዶ ይነሳል የሚለው ስሌት በዚህ ዕድሜ አይሠራም።

ሒሳቡን እንሥራው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ፣ የቀኑም የሌሊቱም ተደምሮ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጃችን መዖን ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ተኛ እንበል። ማታ 21:30 ተኝቶ 6:00 ከተነሳ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ድምሩ አሥር። ከትንሹ ልክ እንኳ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጎደለው ማለት ነው፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ አምስት ሰዓት። "ልጁ ሐሙስ ሐሙስ ያብዳል" ያለችን እናት ነበረች። እውነቷን ነው። ሐሙስ ዕዳው የሚጠየቅበት ቀን ነው።

ምን እናድርግ? የማታውን እንቅልፍ ወደፊት እናምጣው። 21:00 ሳይሆን 18:30፣ ቢዘገይ 19:00። ሲሰሙት ያስደነግጣል፣ እናውቃለን። ግን የሚያስፈልገው ለጥቂት ሳምንታት፣ ለአንዳንዱ ልጅ ለአንድ ወር ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ነው። የቀትሩ እንቅልፍ እየረዘመ ሁለት ሰዓት ሲደርስና የማታው ልቅሶ ሲቀር፣ በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሩብ ሰዓት እየጨመርን ወደ 19:30 እንመልሰዋለን። እስከዚያ ድረስ 16:00 ላይ ከመዖን ሲመጣ ሱፐር መዞር፣ ዘመድ ቤት መሄድ ይቅር። ራት 17:30፣ መታጠብ፣ ከዚያ ትሪሲሙን አውርዶ ክፍሉን ማጨለም፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ማጥፋት።

ስለ ትሪሲሙ ትንሽ እንበል፣ ብዙ ቤት ስንገባ ክፍት ሆኖ ስለምናየው። ጎንደር ውስጥ ፀሐይ ክረምት ከበጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ቤቱ ይጨልማል፣ ልጁም ይተኛል። እዚህ በጁን ወር 19:30 ላይ ፀሐይዋ ገና አልገባችም፣ ከገባችም በኋላ የመንገዱ መብራት አለ። እናቶቻችን ልጅ ማስተኛት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እንዲያውም ልጁ አንቀልባ ላይ ሆኖ፣ እናቱ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትፈጭ፣ እንቅልፉ በመጣበት ሰዓት ይተኛ ነበር። ማንም ሰዓት አልቆጠረበትም፣ ማንም "አሁን አይደለም" አላለውም። ያ ዘዴ ለዚያ ኑሮ ልክ ነበር። ሰዓት ተቆጥሮ በሚተኛበት አገር ግን ጨለማውን ራሳችን መሥራት አለብን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። 18:30 ይተኛ ስንል አባት ወይም እናት 19:30 ከሚሽሜሬት ሲገባ ልጁን ተኝቶ ያገኘዋል። ይህ ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሠራ ሰው የሚጠብቀው ያችን ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ አባት "ለማን ነው ታዲያ የምሠራው?" ብሎናል። መልስ የለንም አንልም፣ ግን መልሳችን ደስ አያሰኝም፦ ማታ የምናገኘው ልጅ የደከመ፣ የሚያለቅስ፣ ማንንም የማይፈልግ ልጅ ነው። ጠዋት 5:45 የሚነሳው ግን አርፎ የተነሳ፣ የሚሥቅ ልጅ ነው። ማምሸት ካልቻልን ማለዳውን እንውሰድ፤ አባት ያልብሰው፣ አባት ይመግበው፣ ከተቻለም አባት መዖን ያድርሰው። ለአያቶችም እንዲሁ። ማታ ለቡና የሚመጡ ዘመዶች ልጁን ለማየት ሲሉ ሲቀሰቅሱት አይተናል። እባካችሁ ለአንድ ወር ተኝቶ ይታይ። እንግዳ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ይመለሳል።

የአያት ጀርባን በተመለከተ፣ ይቅር የሚል ካለ ከእኛ ወገን አይደለም። ሰዓቱን ብቻ እንምረጥለት። መዖን ውስጥ አርባ ደቂቃ ብቻ ተኝቶ የመጣ ልጅ 15:30 ገደማ አያቱ አዝላው ሃያ ደቂቃ ቢያሸልብ ይጠቅመዋል፤ እስከ 16:00 ይነሳ። 17:30 ላይ አውቶቡስ ውስጥ ወይም ጀርባ ላይ የሚመጣ እንቅልፍ ግን፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ የማታውን ያበላሻል። ያኔ ማዘል ሳይሆን ማጫወት ነው፤ መስኮቱን ማሳየት፣ መዝፈን፣ ፊቱን በውሃ ማራስ። መዖን የማይሄድ፣ ከአያት ጋር የሚውል ልጅ ከሆነ ደግሞ እድለኛ ነው፤ ማንም አያስቸኩለውም። የጠዋቱን እንቅልፍ በየሦስት አራት ቀኑ ሩብ ሰዓት እየገፋን ከ9:30 ወደ 12:00 እናደርሰዋለን፣ ምሳውንም 11:15 ገደማ እንሰጠዋለን፤ ራብ ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅሰው። በሰንበት ልጁ በጣም ከደከመ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቢያርፍ ክፋት የለውም፣ የቀትሩን ግን እንዳይነጥቅ እንቀስቅሰው።

አንዳንድ ነገር በአጭሩ። ለማስተኛት ብለን የሳል ሽሮፕም አኮሞልም አንሰጥም፤ መድኃኒት ለበሽታ ነው። ሻይ በጠርሙስ መስጠትም ይቅር፤ ሻይ ያነቃል፣ በዚያ ላይ ሰውነቱ ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ይቀንስበታል። ብረት ያነሰው ልጅ እንቅልፉ እረፍት ላይኖረው ስለሚችል፣ ከጢፓት ሐላቭ የታዘዘው የብረት ጠብታ ተቋርጦ ከሆነ ነርሷን ጠይቁ። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ለሐኪም ይታይ።

ይህን ሁሉ የምንለው ለአንድ ማታ ሰላም ብለን አይደለም። "አስቸጋሪ" የሚለው ቃል በትንሽ ልጅ ላይ ሲወድቅ ቶሎ አይነሳም። ከአንዷ መታፔሌት ወደ ሌላዋ ይተላለፋል፣ ከመዖን ወደ ጋን ይከተለዋል፣ ስብሰባ ይጠራል። በእኛ ልጆች ላይ ቃሉ ፈጥኖ እንደሚለጠፍ ስለምናውቅ ወላጆች ሲጠሩ ይፈራሉ፣ ገና ሳይሰሙ ይቆጣሉ፣ ወይም ዝም ብለው ይፈርማሉ። ሦስቱም ልጁን አይጠቅሙትም። ምርመራ ያስፈልገዋል ከተባለ እንቢ አትበሉ፤ የሚያስፈልገው ልጅ አለና። ነገር ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የአንድ ሳምንት እንቅልፉን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ቀንም ሌሊትም። ልጁ በቀን አሥር ሰዓት ብቻ እየተኛ መሆኑን ያየ ሰው ስለ ጠባዩ ከመናገሩ በፊት ቆም ይላል። ያየነው ነው።

የቀኑን ሰዓት የሚያውቁት መዖን ያሉት ስለሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ልጁን የሚያመጡት አያት ናቸው፣ ዋትሳፑ የሚደርሰው ደግሞ ሥራ ላይ ላለችው እናት ነው። ስለዚህ ዕብራይስጡ ለሚከብዳቸው አያቶች ሁለት ጥያቄ እንጻፍላቸው። ለወንድ ልጅ፦ "ማታይ ሁ ኒርዳም? ማታይ ሁ ሂትዖሬር?" ለሴት ልጅ፦ "ማታይ ሂ ኒርደማ? ማታይ ሂ ሂትዖረራ?" መቼ ተኛ፣ መቼ ነቃ ማለት ነው። መታፔሌቷ ሁለቱን ቁጥር በወረቀት ላይ ትጻፍላቸው። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ይለጠፍ፣ ከሥሩም የማታውን ሰዓት ቤት ያለው ሰው ይጨምርበት።