የተክሉ ሀገርና የምግቡ ሀገር፦ በኮሪያ ምግብ ግብዓቶች መነሻ ላይ የቀረበ አስተያየት

የአንድ ምግብ መነሻ የት ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው፣ ተክሉ መጀመሪያ የተላመደው የት ነው የሚል የዕፅዋት ሳይንስ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ ያንን ተክል በዚያ መልክ አዘጋጅቶ መመገብን የጀመረው ማን ነው የሚል የታሪክና የባህል ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ በምርምር ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የኮሪያ ምግብ ታሪክ አጉልቶ ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፤ የምግብ ባለቤትነት ከተክሉ የትውልድ ቦታ ጋር ሊታሰር አይገባም፤ ሲታሰር ማስረጃው ይጣመማል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው የኮሪያ ገበታ ያለ በርበሬ አይታሰብም። ኪምቺ የሚባለው የኮመጠጠ አትክልትም ሆነ ጎቹጃንግ የሚባለው የበርበሬ ድልህ ቀይ መልካቸውንና ማቃጠላቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። ነገር ግን የበርበሬ ወገን የዱር ዘመዶች በሙሉ የሚገኙት በአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚመረተው ዝርያ የተላመደው በሜክሲኮ አካባቢ ነው። ስለዚህ ኮለምበስ ባሕሩን ከተሻገረበት ከ1492 በፊት በርበሬ ኮሪያ ውስጥ ሊገኝ አይችልም።

የኮሪያ ጽሑፎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሊቁ ዪ ሱጓንግ በ1614 ባዘጋጀው «ጂቦንግ ዩሶል» በተሰኘው መጽሐፍ በርበሬን ብርቱ መርዝ ያለበት፣ ከጃፓን የመጣና በዚህም ምክንያት «የጃፓን ሰናፍጭ» የሚባል አድርጎ ያቀርበዋል። በመጠጥ ቤቶች ከአረቄ ጋር ቀላቅለው የጠጡ ብዙዎች እንደሞቱም ይጽፋል። በ1670 ገደማ ጃንግ ግየህያንግ የተባለች የመኳንንት ቤተሰብ እመቤት በኮሪያ ፊደል በጻፈችው «ኡምሲክ ዲሚባንግ» በተባለው የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ውስጥ በርበሬ የሚገባበት ምግብ የለም፤ ቅመሞቿ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ምላስ የሚያደነዝዘው የሀገሬው ቾፒ ናቸው። በ1766 ዩ ጁንግሪም ባሰናዳው የግብርናና የቤት አያያዝ መጽሐፍ ግን በርበሬ በኪምቺም በድልህም ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ መርዝ የተባለው እንግዳ የጓዳ ባለሟል ሆነ።

ይህን የተለመደ ትረካ የሚቃወሙ የኮሪያ ተመራማሪዎች አሉ። እንደ እነርሱ አመለካከት የኮሪያ በርበሬ ከጥንት ጀምሮ በሀገሩ የነበረ ነው። ዋነኛ ማስረጃቸው ቃል ነው። ቾይ ሴጂን በ1527 ባዘጋጀው «ሁንሞንግ ጃሆይ» በተባለው የፊደል ማስተማሪያ ውስጥ «ቾ» ተብሎ የሚነበበው የቻይና ምልክት በኮሪያኛ «ጎቾ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ዛሬ በርበሬ የሚጠራበት «ጎቹ» ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። ቃሉ ከጃፓን ወረራ፣ ማለትም ከ1592 በፊት ከስልሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ከተጻፈ፣ ተክሉም ቀድሞ ነበረ ማለት ነው ይላሉ።

ማስረጃው እውነተኛ ነው፤ መደምደሚያው ግን ከማስረጃው አይፈልቅም። «ቾ» የሚለው ምልክት ከጥንት ጀምሮ የሚያቃጥሉ ቅመሞች ሁሉ የወል መጠሪያ ነበር። ቾፒም ቁንዶ በርበሬም በዚሁ ይጠሩ ነበር፤ አዲሱ ተክል ሲመጣ የቆየውን ስም ወረሰ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሕንዱ ቁንዶ በርበሬ በቀይ ባሕር ንግድ ላይ ከ1492 በፊት ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ቅመም ነው፤ የዛሬው የአማርኛ ስሙ ግን የአሜሪካውን ተክል ከምንጠራበት ቃል ጋር ተጋምዷል። በአንድ ጥንታዊ ሰነድ ላይ የቅመም ስም ያገኘ ተመራማሪ፣ ቃሉ በዚያ ዘመን የትኛውን ተክል ያመለክት እንደነበር ሳያጣራ ወደ ድምዳሜ ሊሮጥ አይችልም። ቃል ዕድሜ አለው፤ የቃል ዕድሜ ግን የተክል ዕድሜ አይደለም።

ሕዝብ ለእንግዳ ተክል ስም የሚያወጣበት መንገድ ራሱ ምስክር ነው። እኛ በቆሎን «የባሕር ማሽላ»፣ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ስንል ከውኃ ማዶ መምጣቱን በስሙ ላይ አትመናል። ኮሪያውያንም እንዲሁ አድርገዋል፤ ቀይ ሽንኩርትን «የምዕራብ ሽንኩርት»፣ ካሮትን «የታንግ ሥር» ይሉታል፤ ታንግ የቻይና መጠሪያ ነው። የበርበሬ ስም ደግሞ አቅጣጫው ራሱ አከራካሪ ነው፦ ኮሪያዊው ዪ ሱጓንግ የጃፓን ሲለው፣ በ1709 የታተመው ጃፓናዊው የዕፅዋት መጽሐፍ «ያማቶ ሆንዞ» ደግሞ ከኮሪያ የመጣ ይለዋል። ሁለቱ ጎረቤታሞች የማይስማሙት በመጣበት በር ላይ እንጂ እንግዳ በመሆኑ ላይ አይደለም።

የጥንታዊነት ተከራካሪዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ግን በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። እንዲህ ያለ ሥር የሰደደ የምግብ ባህል በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ እንዴት ሊገነባ ይችላል ይላሉ። መልሱ፣ የተገነባው ከባዶ ስላልሆነ ነው። አትክልትን በጨው አቆይቶ ለክረምት ማስቀመጥ በኮሪያ ቢያንስ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በነበረው ባለቅኔ ዪ ግዩቦ ግጥም ውስጥ ተጠቅሷል። አኩሪ አተርን ቀቅሎ፣ ደቁሶ፣ «ሜጁ» በሚባል ጡብ መሰል ቅርጽ ሠርቶ ማብላላትም ከበርበሬ መምጣት በፊት የነበረ ጥበብ ነው። በርበሬው የገባው ተዘጋጅቶ በቆየ ጋን ውስጥ ነው። ኮሪያዊ የሚባለው ቁም ነገርም ያለው በጋኑና ጋኑን በሚያውቀው እጅ ላይ እንጂ በዘሩ የትውልድ ቦታ ላይ አይደለም።

የሌሎቹ ግብዓቶች ታሪክ ይህንኑ ያጸናል። አኩሪ አተር በምሥራቅ እስያ የተላመደ ሰብል ነው፤ የዱር ዘመዱ በኮሪያ ልሳነ ምድር ይበቅላል፤ ከዱሩ የሚተልቁ የከሰሉ ፍሬዎችም በዚያው ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት በነበሩ የሰፈራ ቦታዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። የጥንታዊነት ክብር የሚፈለግ ከሆነ የሚገኘው እዚህ ነው። ሆኖም ኮሪያ ዛሬ የምትጠቀምበትን አኩሪ አተር አብዛኛውን ከውጭ ትገዛለች፤ በዚህ ምክንያት ድልሁ ኮሪያዊነቱን አጥቷል የሚል የለም።

የኪምቺው ጎመንም ከቻይና የመጣ ተክል ሲሆን፣ ዛሬ የምናየው የተጠቀለለው ዓይነት በሰፊው የተለመደው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ያለው ኡ ጃንግቹን፣ በ1898 ቶኪዮ ውስጥ ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለደ የዕፅዋት ማዳቀል ሊቅ ነበር። በ1950 ወደ ኮሪያ ተሻግሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1959 ድረስ፣ የጎመንና የነጭ ሥር ዘር በሀገር ውስጥ እንዲመረት መሠረት ጥሏል። በ1935 ያሳተመው ጥናት የጎመን ወገን ሦስት መሠረታዊ ዝርያዎች እርስ በርስ በመዳቀል ሌሎች ሦስት እንዳስገኙ አሳየ። ከእነዚህ አንዱ ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ዝርያ የተገኘው የእኛው ጎመን ዘር ነው፤ ኮሪያውያን ለኪምቺ የሚጠቀሙበት ቅጠለ ሰናፍጭም ከሰናፍጭ በኩል ዘመዱ ነው። የአንዱን ወላጅ ሀገር ጠይቆ ልጁን ለአንድ ሕዝብ ብቻ የሚሰጥ ሰው ከዚህ የዘር ሐረግ ምን ሊያወጣ እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል።

ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። በኅዳር 2020 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለቻይናው ፓኦሳይ ደረጃ ባወጣ ጊዜ፣ ሰነዱ ራሱ ኪምቺን እንደማይመለከት እየገለጸ፣ አንድ የቻይና ጋዜጣ ለኪምቺ የወጣ አድርጎ በማቅረቡ በሁለቱ ሀገሮች ሕዝብ መካከል ብርቱ ቁጣ ተነሥቷል። ኪምቺ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ የራሱ የኮዴክስ ደረጃ ነበረው። ከዚህ ይልቅ አስተማሪው የዩኔስኮ አካሄድ ነው። ድርጅቱ በ2013 ለደቡብ ኮሪያ፣ በ2015 ለሰሜን ኮሪያ በቅርስነት የመዘገበው በርበሬውን ወይም ጎመኑን አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው ኪምቺ የሚያዘጋጁበትንና የሚከፋፈሉበትን ልማድ ነው። ጥያቄው በትክክል ሲቀርብ መልሱም ያለ ጠብ ይገኛል።

በእኛ ሀገር የምግብ ታሪክን የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ሐረግ በብዙ ጽሑፎቻችን መግቢያ ላይ ያለ ማስረጃ ይቀመጣል። ጤፍ በሀገራችን የተላመደ ነው፤ ሽምብራ ግን ከዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምሥራቅ አካባቢ፣ በርበሬም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ከሁለቱ የሚሠራው ሽሮ ወጥ በዚህ ምክንያት ከእንጀራው ያነሰ ኢትዮጵያዊ አይሆንም። የሚገባን የተክሉን መነሻ ከዕፅዋት ሳይንስና ከቁፋሮ፣ የስሙን ጉዞ ከቋንቋ ጥናት፣ የአዘገጃጀቱን ዕድሜ ደግሞ ከሰነድና ከባለሙያ እጅ ለየብቻ መርምሮ፣ ሦስቱ የማይስማሙበትን ቦታ ሳይደብቁ መጻፍ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ለሌሎቹ ዋስ ሊሆን አይችልም። ምግቡን ከሚወድ ሕዝብ ጋር የሚያጣላን እውነት እንኳ ቢሆን፣ ተመራማሪ ለእውነቱ የሚቆመው ለምግቡ ያለውን አክብሮት ሳይቀንስ ነው።