የኦንላይን ዲግሪ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ፈተናው ጠይቁ

«ካለሽበት ሆነሽ በስልክሽ ተማሪ፣ ዲግሪ ያዢ» የሚል ማስታወቂያ በቲክቶክና በቴሌግራም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም አንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በቪዲዮ ስላሰራጨ ብቻ ለኦንላይን ትምህርት ተዘጋጅቷል ማለት አይቻልም። ዋናው ጉዳይ ፈተናው የት እንደሚሰጥና ዲግሪው እውቅና ያለው መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ አገሮች እኩል አይደሉም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመችው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ገና ከጅምሩ እየሠሩ ለሚማሩ ሰዎች የታሰበ ነበር። ህንድ በ1985 የኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲን ከፈተች። በ2022 ደግሞ የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ አካል፣ እውቅና ካለው ተቋም በኦንላይን የተገኘ ዲግሪ ከመደበኛው እኩል እንደሚቆጠር አስታወቀ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2023 የራሷን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አቋቁማለች።

በኢትዮጵያ በሞጁል የሚሰጠው የርቀት ትምህርት የቆየ ነው። ኦንላይኑ ግን በኮሮና ጊዜ ክፉኛ ተፈተነ። ዩኒቨርሲቲዎች መጋቢት 2012 ዓ.ም. ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ተቋረጠ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ጉዳይ ተጨምሯል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች፣ የግል ተቋማት ተማሪዎችም ጭምር፣ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባቸው። ፈተናው የሚሰጠው አገር ቤት ባሉ የፈተና ማዕከላት ነው። ስለዚህ ኩዌት ወይም ሪያድ ሆና በኢትዮጵያ ተቋም ለዓመታት የተማረች ሠራተኛ፣ በመጨረሻ የአሠሪዋ ፈቃድና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልጓታል። ይህ ወጪ ከትምህርት ክፍያው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ተቋሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው እውቅና ለዚያ የትምህርት ዘርፍና ለኦንላይን ጭምር ነው? ለመደበኛ ትምህርት የተሰጠ እውቅና ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ተቀርጾ ይቀመጣል ወይስ በሰዓቱ መገኘት ግዴታ ነው? የኤሚሬትስ ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ በሌሎቹ ቀናት ግን የክፍል ሰዓት መጠበቅ ለብዙዎቻችሁ አይሆንም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ፈተና የት ይሰጣል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ተቋም ገና አልተዘጋጀም። የላባችሁን ደመወዝ አትክፈሉት።