ደብዳቤውን ራሳችሁ አትጻፉት፣ ዝርዝሩንም አትደብቁ

ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ዘንድ ሁለት ልማዶች ሥር ሰደዋል። አንደኛው የመምህሩን የድጋፍ ደብዳቤ ራስ ጽፎ መምህሩን ማስፈረም ነው። ሁለተኛው የት እንዳመለከቱ ከመምህርም ከጓደኛም መደበቅ ነው። ሁለቱም እንደ ብልጠት ይቆጠራሉ። እኔ ግን ሁለቱም ተማሪውን ራሱንም፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡትንም ይጎዳሉ ባይ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። «ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» ነው። በመምህሩ ለመፍረድ ይከብዳል። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ይዞ አራት አምስት ክፍል የሚያስተምር፣ ለዚህ ሥራ ሰዓትም ክፍያም የማይታሰብለት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ገጽ መጻፍም ለሁሉም ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ኮመን አፕ ላይ ስታመለክቱ አንድ ጥያቄ ይቀርብላችኋል፦ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትተዋላችሁ ወይስ አትተዉም? ጥያቄው የመጣው ተማሪ ስለ ራሱ የተያዘ መዝገብ እንዲያይ ከሚፈቅደው የ1974 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕግ ነው። አብዛኛው አመልካች «ትቻለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ መምህሩ በነጻነት የጻፈው ደብዳቤ የበለጠ ይታመናልና። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ እጃችሁ ደብዳቤውን ጽፋችሁ በሌላው «አላየውም» ብላችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው። ይሄ ሐሰት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በማመልከቻ ላይ ሐሰት ከተገኘ ደግሞ ኮሌጁ የሰጠውን ቅበላ እንኳ መሰረዝ ይችላል።

ሐሰቱን እንተወውና፣ ደብዳቤው ራሱም አይጠቅምም። ተማሪ ስለ ራሱ ሲጽፍ «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ» ከማለት አያልፍም። ኮሌጁ የሚፈልገው ተማሪው ስለ ራሱ ሊያየው የማይችለውን ነው፦ ጥያቄ ሲከብደው ምን ያደርጋል? ጓደኛው ሲሳሳት እንዴት ያርመዋል? በተጨማሪም ብዙ ኮሌጆች ውስጥ የአንድን አካባቢ ማመልከቻዎች የሚያነበው ያው ሰው ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ አራት ደብዳቤዎች ከኢንተርኔት የተቀዱና አንድ ዓይነት ከሆኑበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ትምህርት ቤት የሚመጣውን እውነተኛ ደብዳቤም በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመምህሩን ሥራ አቅልሉለት እንጂ ሥራውን አትቀሙት። በአንድ ገጽ መረጃ ስጡት፦ በእሱ ክፍል የሠራችሁት ፕሮጀክት፣ የከበዳችሁ ምዕራፍና እንዴት እንደተወጣችሁት፣ ከክፍል ውጭ የምትሠሩት፣ ምን ማጥናት እንደምትፈልጉ። ምን ብሎ እንደሚመዝናችሁ ለእሱ ተዉት። እንግሊዝኛው ካሳሰበው በአማርኛ ይጻፈውና ሌላ መምህር ይተርጉምለት፤ ተርጓሚው ግን እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ አይሁን።

ጊዜም ስጡት። የብዙ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ ኖቬምበር 1፣ ማለትም ጥቅምት 22 አካባቢ ይዘጋል። የመደበኛው ደግሞ በአብዛኛው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ስለዚህ 11ኛ ክፍል ሲያልቅ በሰኔ፣ ካልሆነም መስከረም ላይ ትምህርት እንደተከፈተ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። «ጊዜ ከሌለዎት ይንገሩኝ፣ አልቀየምም» ማለትም አትርሱ። ሳይፈልግ የሚጽፍ መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ያስታውቃል።

ወደ ሁለተኛው ልማድ ልለፍ። ብዙዎቻችሁ ዝርዝራችሁን የምትደብቁት «ካወሩት አይሳካም» በሚል ፍርሃት ነው። ከመምህር መደበቅ ግን በቀጥታ ይጎዳል። ኮመን አፕ ላይ መምህሩ አንድ ጊዜ የሚያስገባው ደብዳቤ እናንተ ለመደባችሁት ኮሌጅ ሁሉ ይላካል። የአንድ ኮሌጅ ስም ብቻ የነገራችሁት መምህር ያንን ስም ደብዳቤው ውስጥ ቢጽፈው፣ ሌሎቹ አሥር ኮሌጆችም ያነቡታል። ከተቀበሏችሁ እንደምትገቡ ቃል የምትገቡበት «ኧርሊ ዲሲዥን» ደግሞ የተማሪው፣ የወላጅና የካውንስለር ፊርማ ይጠይቃል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ካውንስለር ሆኖ የሚፈርመው ርዕሰ መምህሩ ነው። የሚፈርምላችሁን ሰው ደብቃችሁ የት ትደርሳላችሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጓደኛስ? «ከነገርኩት እሱም ያመለክትና ቦታዬን ይወስዳል» የሚለው ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ለውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው። ግን እነዚያ ኮሌጆች ምስጢር አይደሉም፤ ጓደኛችሁ ጎግል ላይ በአምስት ደቂቃ ያገኛቸዋል። በመደበቃችሁ ተወዳዳሪ አይቀንስም፤ የሚቀርባችሁ መረጃ ነው። የማመልከቻ ክፍያው እንዲነሳላችሁ ለየትኛው ኮሌጅ ኢሜይል መጻፍ እንዳለባችሁ፣ የትኛው የገንዘብ ድጋፍ ፎርም እንደጎደላችሁ ቀድሞ የሚነግራችሁ ያው አብሯችሁ የሚያመለክት ልጅ ነው።

ለሁሉም አውጁ እያልኩ አይደለም። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አያስፈልግም። «ቪዛው መጣ ወይ?» እያለ በየሳምንቱ የሚደውል ዘመድ ካላችሁ፣ ለእሱ ዝም ማለት ጤና ነው። ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ መምህራን፣ የሚፈርመው ርዕሰ መምህር፣ ወላጆቻችሁና አንድ ሁለት አብረዋችሁ የሚያመለክቱ ጓደኞች ካወቁ ይበቃል።

የመጨረሻው፣ ብዙዎች የሚረሱት ነገር፦ ውጤቱ ሲመጣ፣ አገኛችሁም አላገኛችሁም፣ ሄዳችሁ ለመምህሩ ራሳችሁ ንገሩት፣ አመስግኑትም። ከሌላ ሰው አፍ አይስማው። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይጻፉልኝ» ብላ ስትመጣ «ጽፈሽ አምጪ» እንዳይላት አንዱ ምክንያት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።