ቤከኑ ከመግባቱ በፊት የራሴን አወጣለሁ

ዛሬ ስለ ፓስታ ነው የማወራችሁ፤ አትሳቁ። እዚህ ቤሩት የምሠራበት ቤት ልጆቹ በዶሮ፣ በክሬምና በቤከን የሚሠራ ፓስታ ይወዳሉ። ክርስቲያኖች ስለሆኑ ቤከኑ የአሳማ ነው። እኔ ደግሞ አሳማ አልበላም።

መጀመሪያ ዓመት ማዳም "ቅመሺ" ስትለኝ የቀመስኩ መስዬ ጨዉን በግምት ነበር የምጨምረው። አንድ ቀን በዛና ልጆቹ አንበላም አሉ። ስድቡን ተዉት። ያን ማታ እኔም በዳቦና በሻይ ተኛሁ። በማግስቱ "ማዳም፣ እምነቴ አይፈቅድልኝም፣ የራሴን ለብቻ ላውጣ" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን እሺ አለች።

አሁን ቤከኑን በሌላ መጥበሻ ነው የምጠብሰው። ዶሮውን በነጭ ሽንኩርት እጠብስና እሳቱን ቀንሼ ክሬሙን፣ ከዚያ ፓስታው ከተቀቀለበት ውሃ አንድ ጭልፋ እጨምርበታለሁ። ቀምሼ የራሴን በሰሃን አወጣለሁ። ቤከኑ መጨረሻ ይገባል፤ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ሶሱ ላይ ጨው ቀንሱ። ረቡዕና አርብ የኔ በቲማቲም ብቻ ነው።

"የሰው ቤት ነው፣ ቻይው" የምትሉኝ አላችሁ። ሁሉም ማዳም እሺ እንደማትል አውቃለሁ፣ እጇን የምታነሳም አለች። እንደዛ አይነት ቤት ያለሽ እህቴ መጀመሪያ ራስሽን ጠብቂ። ግን እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ትራፊ የበላሁት ተከልክዬ አይደለም፣ አፍሬ ሳልጠይቅ ነው። ምግቡን የሠራች ሴት ትኩስ ብትበላ ምኑ ነው ነውሩ?

እናንተስ፣ ዛሬ ማታ ትኩስ በላችሁ ወይስ የተረፈ? ጻፉልኝ።