የአልማዝ ዋጋ እንደ ወርቅ በሚዛን ብቻ አይታወቅም

ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደውን ባቡር የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ሳቪዶር ጣቢያ ይወርዳል። ከዚያ የአያሎንን መንገድ ሲሻገር የራማት ጋን የአልማዝ ቡርሳ ፊት ለፊቱ ነው። የቃል ኪዳን ቀለበት ሊገዛ የተነሳ የቂርያት ሞሼ ልጅም መንገዱ ይኸው ነው። ሲመለስ ግን ከቀለበቱ ጋር የብዙ ወራት ዕዳ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ነገሩን ለሽማግሌዎቻችን ያነሳነውም ለዚህ ነው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እናንተ የጌጥ ሒሳብ ታውቃላችሁ። በአገር ቤት አንጥረኛው ማርትሬዛ ብር አቅልጦ ጌጥ ሲሠራ ዋጋው የብሩ ክብደትና የእጁ ዋጋ ነበር። ወርቅም እስከ ዛሬ በግራም የዕለት ዋጋ አለው። አልማዝ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው ይታያል፣ ለብቻው ይገመታል።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «18 ካራት ወርቅ» ሲባል ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። «አንድ ካራት አልማዝ» ሲባል ግን ክብደት ነው፤ 0.2 ግራም። ስለዚህ ሻጩ «ካራት» ባለ ቁጥር የቱን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

የአልማዝ ዋጋ በአራት ነገር ይወሰናል፦ በክብደቱ፣ በቀለሙ፣ በጥራቱና በአቆራረጡ። ቀለሙ ከ«ዲ» እስከ «ዜድ» በፊደል ይለካል፤ «ዲ» ምንም ቀለም የሌለው ነው። ጥራቱ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይታያል፤ ውስጡ ስንጥቅ ወይም ነጠብጣብ ያለው ይረክሳል። አቆራረጡ ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ትልቁም ድንጋይ አያበራም። ትልቅ ድንጋይ በተፈጥሮ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ጥራታቸው እኩል ከሆነ ባለ ሁለት ካራቱ አልማዝ ከሁለት ባለ አንድ ካራቶች ይበልጥ ይወደዳል።

እነዚህን ነገሮች በዓይን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ገዢ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ከሱቁ ነፃ የሆነ ላቦራቶሪ የሰጠው ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ድንጋዩ ከመሬት የወጣ ይሁን በፋብሪካ የተሠራ ይናገራል። የፋብሪካውም እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ዋጋው ግን ባለፉት ዓመታት እጅግ ወርዷል። አንዱን በሌላው ዋጋ መግዛት ነው ጉዳቱ።

አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ የወሎ ኦፓል የሚገዙም አሉ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ይህ ድንጋይ በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ አብዛኛው ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ኦፓል ደርቆ ይመዘን፣ ደርቆ ይታይ። በቀለሙ ጨዋታና በድምቀቱም ነው ዋጋው የሚወጣው።

ሌላም ነገር አለ። «አልማዝ ሀብት ነው፣ ሲቸግር ይሸጣል» ይባላል። ሱቅ ውስጥ የሚከፈለው ግን የሱቁን ኪራይ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ ቀረጡንና ትርፉን ይጨምራል። መልሶ ሊሸጥ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ አያገኝም፤ ብዙ ጊዜ ከከፈለው በጣም ያነሰ ነው የሚሰጡት። ለችግር ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ በቀለበት መልክ ባይቀመጥ ይሻላል።

ልጆቻችን ቀለበት አይግዙ አላልንም፤ ደስታቸው ደስታችን ነው። ነገር ግን እናንተ ለሽምግልና ስትቀመጡ ቃላችሁ ይሰማል። ለሙሽራው ሦስት ጥያቄ አስይዙት፦ ወረቀቱ የታለ? ከመሬት ነው ወይስ ከፋብሪካ? ዛሬውኑ መልሼ ብሸጥልህ ስንት ትሰጠኛለህ? ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቆ፣ አድሮ ይወስን። ለልጅቷም ቤተሰብ፣ የልጃቸው ክብር በካራት እንደማይመዘን ንገሯቸው። ትዳር በዕዳ ሲጀመር፣ ኋላ ለማስታረቅ የምትጠሩት እናንተው ናችሁ።