ኮድ በእስክሪብቶ

መ. ተ.

የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ፈተናዬ ላይ ሃያ መስመር የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ በእስክሪብቶ ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ያንኑ ኮድ ከሳምንት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት ባለ ኢንተርኔት ካፌ ስጽፈው ስክሪኑ የስህተት መዓት አወረደብኝ። ደንግጬ የካፌውን ልጅ «ይቅርታ፣ ኮምፒውተሩን አበላሸሁት መሰለኝ» አልኩት። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እኔና ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን የተዋወቅነው ያን ቀን ነው። ኋላ እንደገባኝ ከስህተቶቹ አንዱ የኔም አልነበረም። ሃንድአውታችን እ.ኤ.አ. በ1998 የቋንቋው ስታንዳርድ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን አጻጻፍ ይዞ ቀርቷል።

ዛሬም ከታናናሾቼ የምሰማው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ካለ ስድስት ሰው ይከበዋል። ባለላፕቶፑ ይጽፋል፣ የቀረው ከኋላ ቆሞ «ሰሚኮለን ረሳህ!» ይላል። ላፕቶፕ ያላገኘ ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ይታገላል። የዕቃው እጥረት ያሳዝናል እንጂ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የወረቀቱ ፈተና ነው።

ሰሚኮለን ለሲ ፕላስ ፕላስ እንደኛ አራት ነጥብ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ ብትረሳው ኮምፓይለሩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ስድስተኛው ላይ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ያለቀ ሳይመስለው ንባቡን ይቀጥልና የሚቀጥለው ቃል አልገጥም ሲለው ይነቃል። ይህን መምህር በቾክ ቢነግርህ በማግስቱ ትረሳዋለህ። ስድስተኛው መስመር ላይ አፍጥጠህ ቆይተህ ጥፋቱን አምስተኛው ላይ ያገኘህበት ሌሊት ግን አይረሳህም። ወረቀት አይጮህም። አራሚው ግማሽ ነጥብ ይቀንስብሃል፣ አለቀ።

የባሰም አለ። «የሚከተለው ኮድ ውጤቱ ምንድን ነው?» ተብሎ፣ አንዱን ቫሪያብል በአንድ መስመር ሁለቴ በፕላስ ፕላስ እያሳደጉ ራሱን ከራሱ ጋር የሚያስደምር ጥያቄ ይመጣል። እኛም በጣታችን ቆጥረን እንመልሳለን። የቋንቋው ስታንዳርድ ግን ለእንዲህ ያለው አጻጻፍ ውጤት አልደነገገም፤ አንዱ ኮምፓይለር 11፣ ሌላው 12 ቢል ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። መልስ ለሌለው ጥያቄ ሁለት ነጥብ ተይዞለት ነበር። (የተቀነሰብኝን እስከ ዛሬ አልማርኩም።)

«የልጆቹ የሒሳብ መሠረት ደካማ ስለሆነ ነው የሚወድቁት» የሚለው ማሳበቢያም አይዋጥልኝም። ቤነድሰንና ካስፐርሰን የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች መረጃ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስን ከሦስት ተማሪ አንዱ ያህል አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመለሱበት ቁጥሩ 28 በመቶ ሆነ፤ ራሳቸውም ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም አሉ። ኮርሱ የትም ከባድ ነው። እኛ የጨመርንበት እስክሪብቶውን ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭን ጀምሯል፤ ሥልጠናው በኦንላይን ነው፣ ክፍያም የለውም። ይበል የሚያሰኝ ነው። እዚያ ቤቱ ሆኖ ስክሪን ላይ የሚማረው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወደ ወረቀት መመለሱን ግን ማን አሰበው?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ፈተናው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ይሰጥ። ሠላሳ ኮምፒውተርና መቶ ሃምሳ ተማሪ ካለ በአምስት ዙር ይፈተን፣ ጥያቄውም በየዙሩ ይለያይ። ብዙ ሴክሽን ለተሸከመ መምህር ይህ ድካም መሆኑ አይጠፋኝም። ሆኖም መቶ ሃምሳ የእጅ ጽሑፍ ኮድ እያነበቡ በሐሳብ ኮምፓይል ከማድረግ ይሻላል። መብራት ከሄደ ያኔ እስክሪብቶ እናወጣለን።