ሻምፖው ከታጠበ በኋላ የት ይሄዳል?

ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ጽሑፍ የጠቀሰው ጥናት፣ ለአካባቢ የሚቆረቆሩ ድርጅቶችን ምርት መግዛት እንፈልጋለን ያሉት 65 በመቶ፣ በተግባር የገዙት ግን 26 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ያሳያል። ለዚህ ልዩነት ዋጋ አንዱ ምክንያት ነው፤ በተለይ ገና ደመወዝ ማግኘት ለጀመረ ወጣት።

ለአካባቢ ተስማሚ የተባለ ሳሙናና ሻምፖ የሚገዙትን ወጣቶችስ የሚገፋፋቸው ምንድን ነው? በቅድሚያ የገዛ ቆዳቸውና ጸጉራቸው። ብጉር ያስቸገራት ወይም ጸጉሯ የሚነቃቀልባት ወጣት «ኬሚካል የሌለው» የሚል ጽሑፍ ስታይ እጇን ትዘረጋለች። ቀጥሎ የጓደኛ ምስክርነትና የቲክቶክ ቪዲዮ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እሬትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሲሸጥም የሚወራው ስለ ጸጉር ማደግና ስለ ፊት መጥራት ነው፤ የወንዝ ነገር እምብዛም አይነሳም። ለራስ ማሰብ ነውር የለውም። ችግሩ፣ ለገላ የተስማማ ሁሉ ለውኃም የሚስማማ እየመሰለን መሆኑ ነው።

ለዚህ እንዶድ በቂ ምስክር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ ነውና ግኝቱ ለሕዝብ ጤና ትልቅ የምሥራች ሆነ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። አያቶቻችን ነጠላ ያነጡበት፣ ከጓሮ የተለቀመ ፍሬ ነው እንግዲህ! «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ወጣቱ ከልብ የሚነሳሳው በእጁ የያዘው ዕቃ መጨረሻው የት እንደሆነ ሲያውቅ ይመስላል። የፊት መታጠቢያ ውስጥ ይጨመሩ የነበሩትን ደቃቅ የፕላስቲክ ፍንጣሪዎች ታሪክ እንመልከት። ከፊት ታጥበው በቱቦ አድርገው ወንዝና ባሕር ይገቡ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተሟጋቾች አንድ የስልክ መተግበሪያ አወጡ፤ ገዢው የዕቃውን ባርኮድ በስልኩ ሲያነብ ፕላስቲክ እንዳለበት ይነግረዋል። ጉዳዩ ከሩቅ ባሕር ወጥቶ የራሱ መታጠቢያ ቤት ገባ። ዘመቻው በየአገሩ ሲበረታ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ሕግ መሠረት አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ፍንጣሪዎች ያሉባቸውን የመታጠቢያ ምርቶች ማምረት ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ተከለከለ።

እውነተኛ መረጃ ግን በቀላሉ አይገኝም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ከመረመራቸው «ለአካባቢ ተስማሚ» ባይ ማስታወቂያዎች 53 በመቶው ድፍንፍን ያሉ፣ አሳሳች ወይም መሠረት የለሽ ነበሩ። ወጣቱ አንድ ጊዜ ከተታለለ እውነተኛውንም አያምንም።

የአገራችን ሳሙናና ቅባት አምራቾች ሆይ፣ የጨመራችሁትን ሁሉ በሚነበብ አማርኛ ጻፉ፤ ባዶ ጠርሙሱንም መልሳችሁ ተቀበሉ። ገዢዎችም «ለጸጉር ይሆናል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «ውስጡ ምን አለ?» የሚለውን ጨምሩበት።